ፍቅሩ አርባ ምንጭ፣ ሳቁ የት?

የፍቅር ኮሜዲ መጨረሻው አስቀድሞ የሚታወቅ የድርሰት ዓይነት ነው። ልጅቷና ልጁ ይገናኛሉ፣ ይናናቃሉ፣ ይፈላለጋሉ፣ ይኮራረፋሉ፣ ይጋባሉ። ይህን ሁሉ ገና ሽፋኑን ስናይ እናውቀዋለን። ጊዜያችንንና ገንዘባችንን የምንሰጠው መንገድ ላይ ለመሳቅ ነው። አሳዛኝ ልቦለድ ባያስለቅስ እንኳ «ቁም ነገር አለው» ተብሎ ይታለፋል። ያላሳቀ ኮሜዲ ግን የሚሸሸግበት ጥግ የለውም።

ሰሞኑን ወደ አርባ ምንጭ ስወርድ በጆሮ ማዳመጫ የሰማሁት ትረካ እንዲህ ጥግ ያጣ ነበር። ስሙን አልጠራም። ለደራሲው አዝኜ ብቻ አይደለም፤ በስልክ መተግበሪያዎች፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በዩቲዩብ ከሚለቀቁት ቀለል ያሉ የፍቅር ትረካዎች ብዙዎቹ የአንድ እናት ልጆች ስለሚመስሉ፣ አንዱን ለይቶ መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። የመረጥኩትም ታሪኩ የሚካሄደው በምሄድበት ከተማ ነው ስለተባለ ነው። ከአዲስ አበባ በወላይታ ሶዶ አድርጎ አርባ ምንጭ ለመድረስ ቀኑን ሙሉ አውቶቡስ ላይ መዋል ነው፤ ለትረካ ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም።

ታሪኩ ባጭሩ ይህን ይመስላል። አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት የምትሠራ፣ ከእጮኛዋ በቅርቡ የተለያየች ወጣት ለዕረፍት አርባ ምንጭ ትገባለች። ያረፈችበት ሎጅ ክፍሏን ለሌላ ሰው ደርቦ ሰጥቶታል፤ ያ ሌላ ሰው መልከ መልካም አስጎብኚ ነው። ይሰዳደባሉ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ሲሄዱ አዞ ያስደነግጣታል፤ እሱ ደግፎ ይይዛታል። ቀጥሎ ስልኩ ላይ የአንዲት ሴት ፎቶ ታያለች። ማን ናት ብላ ሳትጠይቅ ትኮርፋለች፤ ኩርፊያው የትረካውን ሲሶ ይፈጃል። ሴትዮዋ እህቱ ነች። ከዚያ ዶርዜ ላይ ይጋባሉ፤ እንግዳው በሙሉ የአገሩን ልብስ ዱንጉዛ ለብሷል።

አንዴም አልሳቅኩም። የአውቶቡሱ ረዳት ከአንዲት እናት ጋር በማዳበሪያ ስለተጫነ ዕቃ ክፍያ የገጠመው ክርክር ግን የጆሮ ማዳመጫዬን አስወልቆ አስቆኛል። እሷ «ልጄ» እያለች ትቀጣዋለች፣ እሱ «እማማ» እያለ ዋጋውን ይጨምርባታል። ሁለቱም በአክብሮት ይጣላሉ። ለአፍ የቀረቡ የአክብሮት ቃላት እንዴት መሣሪያ እንደሚሆኑ ሁለቱም አሳምረው ያውቁታል፤ ሳቁም የመጣው ከዚሁ ዕውቀታቸው ነው። በጆሮዬ ያለው መጽሐፍ የጎደለውን ነገር ያኔ ለየሁት። ኮሜዲ የሚያስቀው ሰዎች የሚያውቁት ደንብ ሲጣስ፣ ሲጠመዘዝ ወይም ለጥቅም ሲውል ነው። የቦታውን ደንብ የማያውቅ ደራሲ ደግሞ የሚጥሰው ነገር አያገኝም።

ከመልክዓ ምድሩ ልጀምር። ጥንዶቹ አንድ ምሽት ከአርባ ምንጩ ሲቀላ ሰፈር ተነስተው እግረ መንገዳቸውን ጨንቻ «ወረድ ይላሉ»፤ እዚያም ማንጎ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ያወጋሉ። አርባ ምንጭ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ጨንቻ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ 2,700 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ ጉም ውስጥ ተቀምጣለች። ወደ ጨንቻ መውረድ የሚባል ነገር የለም። ማንጎና ሙዝ የታች ፍሬ ናቸው፤ ጨንቻ የምትታወቀው በአፕልና በእንሰት ነው። ይህን የማነሳው የጂኦግራፊ መምህር ልሁን ብዬ አይደለም። በአንድ ዞን ውስጥ፣ ከአንድ ሰዓት ጥቂት በሚያልፍ የመኪና መንገድ ላይ፣ ቆላና ውርጭ የሚገናኙበት አገር ለኮሜዲ ደራሲ የተዘጋጀ ስጦታ ስለሆነ ነው። በአርባ ምንጭ ሙቀት ስስ ቀሚስ ለብሳ የወጣች የአዲስ አበባ ልጅ ጨንቻ ስትደርስ ጥርሷ መንቀጫቀጭ አለበት። ያኔ ልጁ ጋቢውን ያለብሳታል። ጋቢ ማልበስ ደግሞ በደጋ ሰፈር፣ መንገድ ዳር በተቀመጡ እናቶች ዓይን ሥር፣ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ማታውን ቤተ ዘመድ ይሰማዋል። ደራሲው ይህን ሁሉ ትቶ ማንጎ ተከለበት።

አዞውም እንደዚሁ። ጫሞ ላይ አዞ የሚያስደነግጠው ፊልም ላይ ብቻ ያየውን ሰው ነው። አርባ ምንጭ ለረጅም ዓመታት አዞ ስታረባ የኖረች ከተማ ነች፤ ልጆቿ ለአዞ ያላቸው አመለካከት ከሌላው ሰው ይለያል። የከተማዋ ሰው ስለ አዞ ሲያወራ ከእንግዳው ፍርሃት ጋር የሚጫወትበት የራሱ ለዛ አለው፤ አዞው ሳይሆን የጀልባው ነጂ ወሬ ነው የሚያስቀው። ትረካው ነጂውን አላናገረውም። ነጂው የጀልባ ሞተር አስነስቶ ከታሪኩ ይወጣል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን ያ ኩርፊያ ነው። የዓለም የፍቅር ኮሜዲ ግማሹ በአለመግባባት እንደሚንቀሳቀስ አውቃለሁ፤ በራሱ ነውር የለበትም። ነገር ግን ይህ ታሪክ ጋሞ ምድር ላይ ነው ተብሏል። ጋሞ ደግሞ ዱቡሻ የሚባል የሕዝብ መምከሪያ አደባባይ ያለው፣ ጠብ እንዳይከርም አባቶች ዘወትር የሚደክሙበት አገር ነው። በመስከረም 2011 ቡራዩ ውስጥ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉ በኋላ የተቆጡ ወጣቶችን የአርባ ምንጭ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘው፣ መሬት ላይ ተንበርክከው እንደመለሷቸው አገር ሁሉ በምስል አይቷል። ያን የመሰለ ቁጣ የበረደበት ከተማ ውስጥ ሁለት ሰዎች በአንድ ፎቶ ምክንያት ለሳምንት ተኮራርፈው፣ የሎጁ ዘበኛ፣ ምግብ አብሳይዋ፣ የልጁ አጎት፣ ጎረቤቱ ሁሉ ዝም ብለው ያያሉ? በዕውነተኛው አርባ ምንጭ ኩርፊያው ከቀትር በፊት ሦስት አስታራቂ ያገኝ ነበር፤ ኮሜዲው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ለመታረቅ ያልፈለጉ ሁለት ሰዎች ሊያስታርቋቸው ከተነሱ አሥር ሰዎች ሲሸሹ፣ ከሽምግልናው ለማምለጥ ሲሉ አንድ ላይ ሲደበቁ አስቡት። ደራሲው አለመግባባቱን ከውጭ ፊልም እንዳለ አምጥቶ ሽማግሌዎቹን ከመንገዱ አነሳቸው፤ በእጁ የነበረውን ሳቅ ጣለው።

በትረካው ማብቂያ ላይ አጠገቤ ለተቀመጡ፣ ሽሮ ሜዳ ሸማ ሲሠሩ ኖረው ወደ አገራቸው ለሚመለሱ አባት ታሪኩን በአጭሩ ነገርኳቸው። ሰርጉ ላይ ስደርስ አቋረጡኝ። «ማን ላከ?» አሉ። ሽማግሌ ማለታቸው ነው። ወደ ኋላ መልሼ ፈለግኩት፤ ማንም አልተላከም። የልጅቷ አባትና እናት በታሪኩ ውስጥ ስምም የላቸውም። «እንግዲያ ምኑን አገባት?» ብለው ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ሸማኔውን ያነሳሁት በአጋጣሚ ብቻ አይደለም። ትረካ ማን ይሰማዋል ብለን ብንጠይቅ፣ ሸማኔ ከመጀመሪያዎቹ አድማጮች አንዱ ነው። ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀምጦ እግሩ መርገጫውን ይረግጣል፣ እጁ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ይሰዳል፣ ዓይኑ ድርና ማጉን ይጠብቃል። ነፃ የቀረው ጆሮው ነው። ቤት ውስጥ ጥጥ የሚፈትሉ ሴቶችም እንዲሁ። ከጋሞ ደጋ ተነስተው ሽሮ ሜዳና ጉለሌ የሠፈሩ የሸማኔ ቤተሰቦች ሬዲዮን እንደ ሥራ መሣሪያ ይዘውት ኖረዋል። ዛሬ ሬዲዮው ስልክ ሆኗል። የንግድ ትረካ አዘጋጆቻችን አድማጫቸውን ሲያስቡ የሚያዩት ግን የጆሮ ማዳመጫ ሰክታ ቡና የያዘች የቢሮ ሠራተኛ ይመስለኛል፤ ከምርቶቻቸው ሽፋን ላይ የምትታየውም እሷው ናት።

ይህ ወደ ድምፁ ጉዳይ ያመጣኛል። የእኛ የትረካ ጆሮ የተገራው በሐዘን ነው። የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ታትሞ ከወጣ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ መጽሐፉን ያላነበበ ሕዝብ በጆሮው አነበበው። ከዚያ ወዲህ በአማርኛ «ተራኪ» ሲባል ሰው ልቡ ውስጥ የሚያቃጭለው ያ ዝግ ያለ፣ ከባድ፣ እንባ የቋጠረ ድምፅ ነው። ፍቃዱ ተክለማርያምን የመሳሰሉ ታላላቅ ተዋንያንም ወደ ትረካ የመጡት ይህንኑ ክብደት ይዘው ነው። ወጣት ተራኪዎች እነሱን እየሰሙ ስላደጉ ድምፃቸውን ለመስጠት ማይክሮፎን ፊት ሲቀመጡ ሳያውቁት ወደዚያ ክብደት ይሄዳሉ። እኔ የሰማሁት ተራኪ ጎበዝ ነው፤ ድምፁ ጥሩ ነው። ነገር ግን «ክፍሉ ተይዟል» የሚለውን ዓረፍተ ነገር የዚያን ልቦለድ የበዛብህን ሞት እንደሚያረዳ ሰው ነው ያነበበው። ቀልዱ ገና ሳይነገር ሟች ሆነ።

እዚህ ላይ የሚረሳ አንድ ነገር አለ። ወጋየሁ የተረከው ታላቁ አሳዛኝ መጽሐፍ ራሱ በሳቅ የተሞላ ነው። የፊታውራሪ መሸሻ ትዕቢት፣ የጉዱ ካሣ ምላስ፣ የባላባት ቤት ወግና ስነ ሥርዓት ሲገለበጥ የሚፈጥረው ግርግር አድማጭን ከወንበሩ ያነሣዋል። ወጋየሁ ድምፁን ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ እየለወጠ ስለተረከው፣ ስንስቅ የምንስቀው በተራኪው ትወና ሳይሆን በፊታውራሪው ነበር። ሐዲስ ዓለማየሁ የገለጹት የጎጃም ባላባት ደንቡ ከነዝርዝሩ ስለሚታወቅ ሲጣስ ይታያል፤ ስለሚታይም ያስቃል። የወጋየሁ ተከታዮች የወረሱት ልቅሶውን ብቻ ሆነ።

የአማርኛ ድምፅ ሌላ ውርስም አለው፤ እሱን የትረካ አዘጋጆች ከነጭራሹ የረሱት ይመስለኛል። የካሴት ቀልድ። ልመነህ ታደሰና አለባቸው ተካ፣ ተስፋዬ ካሳ፣ ሀብቴ ምትኩ። በዚያ ጭውውት ውስጥ ሳቁ በሁለት ሰዎች መካከል ነው የሚወለደው፤ አንዱ ይጠይቃል፣ ሌላው ሳይገባው ይመልሳል፣ ጠያቂው መልሱን ሰምቶ ለአፍታ ዝም ይላል። ያ ዝምታ አንድ ሰው ብቻውን ሁለቱንም ድምፅ ሲያነብ ሊፈጠር አይችልም። ተራኪው ለራሱ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሚደነቅበት ጊዜ የለውማ። የፍቅር ኮሜዲ ከጫፍ እስከ ጫፍ የጥንዶች ክርክር ነው፤ ሁለት ድምፅ ይፈልጋል። ይህን ማድረግ ወጪ ይጨምራል ይባላል። ጥቂት ነው የሚጨምረው፤ ከ1994 እስከ 1997 የተላለፈው «የቀን ቅኝት» የሬዲዮ ድራማ በብዙ ተዋናይ ተሠርቶ አገር ያዳመጠው፣ ከአድማጭ የደብዳቤ ጎርፍ ያወረደ ሥራ ነበር። ስቱዲዮው ከዚያ ወዲህ ረክሷል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን ቀልድ ተብሎ ትረካው ውስጥ የገባው አንድ ነገር ነው። የሎጁ ዘበኛ የጋሞ ሰው ነው። ተራኪው ሲያነበው አማርኛውን ያኮላትፍበታል፤ ጾታ ያዛንቃል፣ «እሷ መጣ» ያስብለዋል። ጥንዶቹ ይስቃሉ፤ እኛም እንድንስቅ ከበስተጀርባ ሙዚቃ ይሰጠናል። ይህ ቀልድ ዕድሜ ጠገብ ነው። በአዲስ አበባ የጋሞውን ሸማኔ በሙያው የመስደብ ልማድ ከመንገድ ዳር አልፎ ወደ መድረክ የወጣው ድሮ ነው፤ ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው ማብቂያ ግድም ሠራተኛን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ሸማ ሠሪውን ጨምረው በአዋጅ ከልክለዋል። መቶ ዓመት አልፎታል። ዘበኛው ከራሱ ቋንቋ በላይ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ ይናገራል፤ የሚስቁበት ሁለቱ ወጣቶች ደግሞ አንድ ቃል ጋሞኛ ለመማር ያደረጉት ሙከራ በመጽሐፉ ውስጥ የለም። ዕውነተኛ ኮሜዲ ጸሐፊ ይህን ይገለብጠው ነበር። ልጅቷ ዘበኛውን በጋሞኛ ሰላም ልበል ብላ ተሳስታ ሌላ ነገር ስትል፣ ዘበኛው በትሕትና ሲያስተካክላት፣ ከዚያ ለሚስቱ ሲያወራላት ሳቁ ከላይ ወደ ታች ሳይሆን ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይሄዳል። ዘበኛው የመጽሐፉ ምርጥ ገጸ ባሕርይ በሆነ።

«ቀለል ያለ መጽሐፍ ነው፤ ይህን ያህል አታክብደው» የሚለኝ አንባቢ እንዳለ አውቃለሁ። የምለውም ይህንኑ ነው፤ ቀላል ነገር ለመጻፍ የበለጠ ማወቅ ይጠይቃል። ዓለምን ያሳቁት የፍቅር ኮሜዲዎች የትኛውን አጥር እየዘለሉ እንደሆነ በደንብ የሚያውቁ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1934 የወጣው «ኢት ሃፕንድ ዋን ናይት» የተሰኘው የፍራንክ ካፕራ ፊልም አንዲት የሀብታም ልጅና አንድ ጋዜጠኛ በአውቶቡስ ሲጓዙ ያሳያል። ያልተጋቡ ናቸው፤ በዘመኑ ደንብ አንድ ክፍል ውስጥ ማደር አይገባቸውም። በመካከላቸው በገመድ አንድ ብርድ ልብስ ይሰቅላሉ። የፊልሙ ፍቅርም ሳቅም ያቺ ብርድ ልብስ ላይ ተንጠልጥሏል። አጥሩ ስለሚታወቅ ማንም ሳይነካት ሁሉም ያያታል። በእኛ ትረካ ደርቦ የተሰጠው ክፍል ግን ምንም አጥር የለበትም፤ ሁለቱም ያዲሳባ አኗኗር ይዘው ስለመጡ የሚያፍሩበት ሰው የለም፤ የሚያፍሩበት ከሌለ የሚሸሸግ የለም፣ የሚሸሸግ ከሌለ የሚጋለጥ የለም።

የእኛው አገር ምሳሌ ቅርብ ነው። መንግሥቱ ለማ። «ጠልፎ በኪሴ» እና «ያላቻ ጋብቻ» በአማርኛ ከተጻፉ የፍቅር ኮሜዲዎች ግንባር ቀደሞቹ ናቸው፤ የሁለቱም ስም ራሱ የሚጣሰውን ደንብ ይነግራል። አንዱ ጠለፋን፣ ሌላው በዘርና በደረጃ ያልተመጣጠነ ጋብቻን ያነሳል። መንግሥቱ ለንደን ተምሮ የመጣ ሰው ነው፤ ተውኔቶቹን ከአውሮፓ ቀድቶ ማምጣት ይቀለው ነበር። እሱ ግን አባቱ አለቃ ለማ ኃይሉ ሲያወጉ በቴፕ ቀድቶ፣ ድምፃቸውን ከነለዛው ወደ ወረቀት አውርዶ «መጽሐፈ ትዝታ»ን ያሳተመ ሰው ነው። ሰዎች እንዴት እንደሚናገሩ በጆሮው ያጠና ደራሲ ነበር። ኮሜዲው ላይ የሚሰማው ይህ ነው፤ ዘመናዊው ወጣት ከአክስት ጋር ሲከራከር የሁለቱም ወገን አማርኛ ትክክል ነው። ሁለቱም የሚሉት ነገር አላቸው።

የተውኔቱ ደንብ ዘመን እንደሚለውጠው አልክድም። «ጠልፎ በኪሴ» ዛሬ ለጆሮ ቢቀርብ አድማጩ ሳቁን ሊውጥ ይችላል። የ1949ኙ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ካገባ ከቅጣት ያመልጥ ዘንድ ይፈቅድ ነበር፤ በ1997 ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ ይህን ቀዳዳ ዘግቷል። መንግሥቱ ለማ የሳቀበት ጠለፋ ዛሬ እስር ቤት ያስገባል። አንድ የዘመናችን ደራሲ ይህን ለውጥ ራሱን ኮሜዲ ሊያደርገው ይችላል፤ አሁን አጥሩ ሌላ ቦታ ነው።

በጋሞ ደጋ አጥሩ የት እንደነበር የጻፉ አሉ። ዴና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት በደቡብ ኢትዮጵያ ስለተገለሉ የእጅ ባለሙያዎች ባዘጋጁት መጽሐፍ የጋሞ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ከሌላው ቤተሰብ ጋር እንዳይጋቡ በልማድ ተከልክለው መኖራቸው ተዘርዝሯል። እዚያ ላይ የሚጻፍ የፍቅር ታሪክ ለአሳዛኝ ልቦለድ ይመቻል ብለን እንቸኩላለን። እኔ ግን ለኮሜዲም ይመቻል እላለሁ፤ «ያላቻ ጋብቻ» የሠራው ይህንኑ አይደል? የሸክላ ሠሪ ልጅ አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የውኃ ምህንድስና ተምራ ስትመለስ፣ ከአንድ የአርሶ አደር ልጅ ጋር አብራ ስትሠራ፣ የሁለቱ ቤተሰብ ሴቶች ገበያ ላይ እየተዋወቁ እንዳልተዋወቁ ሲሆኑ፣ የልጁ እናት ዘወትር የምትመካበት የውኃ እንስራ ማን እንደሠራው ሲነገራት ምን ፊት እንደምታሳይ አስቡ። እንስራው በየቤቱ አለ። ሠሪዋ ግን በየቤቱ አትገባም ነበር። ከዚህ የበለጠ ለሳቅ የተጋለጠ ግብዝነት ከየት ይመጣል?

መስቀልም አለ። ጋሞዎች ዮ ማስቃላ ይሉታል። ለሥራ ወደ አዲስ አበባና ወደ ሌላው ከተማ የተበተነው ልጅ ሁሉ በመስከረም ወደ ቀዬው ይጎርፋል። ከሽሮ ሜዳ የመጣው ወጣት ሸማኔ በዓመት አንድ ጊዜ፣ ለጥቂት ቀናት፣ ከአዲስ ፀጉር ቁርጥና ከአዲስ ጫማ ጋር ብቅ ይላል። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚታጨው ይታጫል፣ የሚታየው ይታያል፣ የሚዋሸው ስለ አዲስ አበባ ኑሮው ይዋሻል። የጊዜ ገደብ፣ የውሸት ማንነት፣ የቤተ ዘመድ ዓይን፣ ጭፈራ፣ ቆጮና ዳጣ ከነቅቤው። ኮሜዲ ጸሐፊ ሌላ ምን ይፈልጋል? የሰማሁት ትረካ መስቀልን አንድ ጊዜ ጠቅሶታል፤ ልጅቷ ከእጮኛዋ የተለያየችበት ቀን ስለሆነ።

እንግዲህ የአዘጋጆቹን ችግር አላቃልልም። ትረካ በክፍል በክፍል ስለሚለቀቅ በየክፍሉ ማብቂያ አድማጩን የሚያስቀጥል ጥያቄ መተው ግድ ይላል፤ ፎቶ ማየትና መኮረፍ ይህን በርካሽ ያደርገዋል። ደራሲው አርባ ምንጭ ሄዶ ወር ሊቀመጥ የሚከፍለው የለም። የተለቀቀውም ሥራ በማግስቱ በነፃ ቻናሎች ላይ ይገኛል። ይህ ሁሉ ዕውነት ነው። ሆኖም የሎጁን በረንዳ፣ የእግዜር ድልድይን፣ የነጭ ሣርን የሜዳ አህያና የዶርዜን የዝሆን ራስ የመሰለ ቤት ለመግለጽ የወጣው ደቂቃ ለአንድ የጋሞ ሰው አንድ የተሟላ ዓረፍተ ነገር ለማናገር ይበቃ ነበር። የቱሪዝም ቢሮ ብሮሹር የሚያውቀውን ያህል ያወቀ ደራሲ ብሮሹር ይጽፋል እንጂ ታሪክ አይጽፍም።

የትረካው የመጨረሻ ደቂቃ ተከታይ ክፍል እንደሚመጣ ያበስራል። ጥንዶቹ ለጫጉላ በኅዳር መጨረሻ ላሊበላ ይሄዳሉ። ደራሲው ከወዲሁ የቀን መቁጠሪያ ገልጦ የነቢያት ጾም መቼ እንደሚገባ ቢያይ፣ ሙሽሮቹ በምን ሰዓት ምን እንደሚበሉ ቢያስብበት፣ የላሊበላን የቤት አከራይ እናት ደግሞ አንዴ ቢያናግራት ጥሩ ነው። እሷ የምትለው አላት።